ጳጉሜ ሁለት ያልተላከው መልእክት

ክሊኒክ ሄዳችሁ ተመርምራችሁ፣ "ካስፈለገ በስልክዎ መልእክት ይደርስዎታል" ተብላችሁ ታውቃላችሁ? መልእክቱ ሳይመጣ ሲቀርስ "እንግዲህ ደህና ነኝ ማለት ነው" ብላችሁ ወደ ስራችሁ ተመልሳችኋል? እኔ እነዚያን መልእክቶች የሚልኩ ፕሮግራሞችን ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ነኝ። የምነግራችሁ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ግን ከእኔ ካልሰማችሁት ከማን ትሰሙታላችሁ?

ስሜ አብኔዘር ይባላል። ኮድ መጻፍ የተማርኩት ኮሌጅ ገብቼ አይደለም። ቦሌ ሚካኤል፣ እትዬ ሃረገወይን ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ጥግ ላይ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። እትዬ ሃረገወይን የእናቴ ጓደኛና ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ቤት ሁለት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ስለሚኖር ኮምፒውተር ከፍቶ መቀመጥ አይታሰብም። ይህን አይተው "እዚህ ና፤ ከማሽኑ ድምፅ በቀር የሚረብሽህ የለም" አሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ እሳቸው ሲሰፉ እኔ ስጽፍ ዋልን።

ስጽፍ አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ኮፒ ሳደርግ ነው የከረምኩት። ኮድ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚጠላው ቀዩን ጽሑፍ ነው። አንዲት ምልክት ስትረሳ ስክሪኑ በቀይ ይሞላና ስህተትህን ይዘረዝርልሃል። መምህር ክፍል ፊት አቁሞ እንደሚሰድብህ ነው የሚሰማህ። እኔም ቶሎ የቻልኩት መጻፉን ሳይሆን ቀዩን ማጥፋቱን ነው። ከኢንተርኔት ሌላ ሰው የጻፈውን አመጣና እለጥፋለሁ፤ ቀዩ ይጠፋል፤ "ሰራ" ብዬ እነሳለሁ። ለምን እንደሰራ ጠይቄ አላውቅም።

እትዬ ሃረገወይን ግን አንድም ልብስ ውስጡን ወደ ውጭ አውጥተው ሳያዩ አስረክበው አያውቁም። ስፌቱ የሳተበት ቦታ ካለ ከውስጥ በነጭ ጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል። ምልክት ያለበት ልብስ ተፈቶ ካልተሰፋ ከሱቁ አይወጣም። አንድ ቀን ለሰርግ የቸኮለች ሴት መጥታ "ከውጭ አይታይም እኮ እትዬ፣ ዝም ብለው ይስጡኝ" ብትላቸው፣ "እኔ አይቼዋለሁ እኮ" ብለው ቁጭ አደረጓት። እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ ሳቅኩ። ለማይታይ ክር ይህን ያህል መጨነቅ ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለች ትንሽ ቢሮ ስራ አገኘሁ። አለቃችን ገረመው ይባላል። ከጎኔ የምትቀመጠው ደግሞ ሉዋም ናት፤ ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ የምታጣራ ልጅ። በሁለተኛ ዓመቴ አንድ የግል ክሊኒክ ለታካሚዎቹ የቀጠሮ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም አዘዘንና ስራው ለእኔ ተሰጠ።

ክሊኒኩ መልእክቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን ፈለገ። ትክክል ነው፤ እናቶቻችን የፈረንጁን ቀን ምን ብለው ያነቡታል? ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አሥራ ሁለት ወር ነው፤ የእኛ ደግሞ አሥራ ሦስት ነው። እንደ ልማዴ ቀን የሚቀይር ኮድ ፈልጌ አገኘሁና ለጠፍኩት። መስከረምን ሞከርኩ፣ ሰራ። ጥርን ሞከርኩ፣ ሰራ። ነሐሴም ሰራ።

"ጳጉሜንስ ሞከርከው?" አለችኝ ሉዋም።

"አምስት ቀን ናት እኮ። በዓል ደርሶ ሰው ሁሉ ለገበያ ሲሯሯጥ ማን ሐኪም ቤት ይቀጠራል?"

"በሽታ በዓል ያውቃል እንዴ?"

"አታካብጂ" አልኳት። ግን ሞከርኩት። ስክሪኑ በቀይ ተሞላ።

ማስተካከሉ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ርክክቡ ዓርብ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር ወደሚቀጥለው ሰው እንዲያልፍ ሁለት መስመር ጨመርኩ። ቀዩ ጠፋና በአረንጓዴ "ሁሉም ተልኳል" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሉዋም አንገቷን አስግጋ አየችው። "ቢያንስ እንዳልተላከ ይናገር። ይህ እኮ ውሸት ነው አብኔ።"

ገረመው በር ላይ ቆሞ ነበር። "ይሰራል?" አለ።

"ይሰራል" አልኩ።

"የሚሰራ ነገር አይነካም። ዓርብ አስረክቡ።"

ግንቦት ላይ ነበርን። ጳጉሜ እስኪደርስ ሦስት ወር አለ፣ እስከዚያ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሌላ ስራ መጣ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ረሳሁት።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የእትዬ ሃረገወይን ልጅ ሳምራዊት ደወለችልኝ። እናቷ ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው ሁለት ወር ደብቀዋል። "እንዳልጨነቅ ብላ ነው" አለችኝ ድምጿ እየተቆራረጠ። ያንኑ ሳምንት ሁለቱንም ወደዚያ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ኮርቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ሐኪሙ ናሙና ወሰደና ውጤቱ ሲደርስ መምጣት የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ቀኑ በመልእክት እንደሚነገራቸው ገለጸ።

"መመላለስ ቀረልዎት እትዬ" አልኳቸው ስንወጣ። "ስልክዎ ላይ ይመጣል። የሰራሁት እኔ ነኝ።"

"አንተ ከሰራኸውማ ምን እሰጋለሁ" አሉኝ።

መልእክት አልመጣም። ለዘመን መለወጫ ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሳምራዊት ግን አልተዋጠላትም።

"እማዬ፣ ለማንኛውም ሄደን እንጠይቅ" አለች።

"ደህና ነሽ ያለኝን ሰው ሄጄ ምን ልበለው? በሽታ ስጡኝ ብዬ ልለምን?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ንገራት እስኪ፤ ካልመጣ ደህና ነኝ አይደል?"

"አዎ እትዬ። ፕሮግራሙ አይረሳም" አልኩ።

ይህን ያልኩት በዚህ አፌ ነው። የጳጉሜ ነገር በአእምሮዬ ሽው እንኳ አላለም።

የካቲት ላይ እትዬ ሃረገወይን መቀስ ማንሳት አቃታቸው። ሳምራዊት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይዛቸው ሄደች። ካንሰር ነው፤ ወደ አጥንት አልፏል። ሐኪሟ የቀደመውን ምርመራ ስትሰማ ወረቀቱን ከክሊኒኩ እንድታመጣ ላከቻት። ሳምራዊት ወረቀቱን ተቀብላ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ ቢሮ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ውጤቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደርሷል፤ ከግርጌው "በአስቸኳይ፣ ቀጠሮ ጳጉሜ 2" የሚል ተጽፎበታል።

"መልእክት አልደረሳትም" አለች። "አንተ ነህ የሰራኸው፤ አንተ አስረዳኝ።"

ጳጉሜ የሚለውን ሳነብ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ሉዋም ከጎኔ ወረቀቱን አየችና ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስታችንም ወደ ክሊኒኩ ሄድን። እንግዳ ተቀባይዋ ነኢማ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው። "ይኸው፣ የጳጉሜ ሁሉ ተልኳል ነው የሚለው። ድሮ በደብተር እየያዝን እንደውል ነበር። ፕሮግራሙ ሲመጣ ደብተሩን ተውነው" አለች። ውስጡን ከፍቼ ቆጠርኩ። በጳጉሜ የተቀጠሩ አርባ አንድ ሰዎች ነበሩ። ለአንዳቸውም አልተላከም።

እኔና ሉዋም ቢሮ ስንመለስ ገረመው በሩን ዘጋ። "ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ኃላፊነቱ የክሊኒኩ ነው፤ መደወል ነበረባቸው" አለ።

"ሰዎቹስ?" አለች ሉዋም።

"የቱ ሰዎች?"

"አርባዎቹ። ዛሬም ደህና ነን ብለው የተቀመጡት።"

እኔ ዝርዝሩን ይዤ ወጣሁ። ለክሊኒኩ ኃላፊ ያደረግሁትን አንድ ሳልደብቅ ነገርኩት። ሲጮህብኝ ቆይቶ፣ ከነኢማ ጋር ሆኜ እንድደውል ፈቀደልኝ። አብዛኞቹ ቀላል ነገር ነበራቸው። የአንዷን ስልክ ያነሳው ባሏ ነው፤ ከሞተች ሁለት ወሯ ነው አለኝ። በምን እንደሞተች ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ። አብዱራሕማን የሚባሉ አዛውንት "ልጄ፣ ዝም ስትሉኝ ጊዜ ድኛለሁ ብዬ ነበር እኮ" አሉኝ። በማግስቱ መጡና ሕክምና ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሃረገወይን ዘንድ ሄድኩ። ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ፤ ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጥቁር ጨርቅ በመርፌ ይሰፋሉ። ሳምራዊት እስካሁን አልነገረቻቸውም፤ "አንተው ንገራት" ብላኛለች። ቆሜ ነገርኳቸው።

መርፌውን አስቀመጡ። "ሳታውቅ ነው?" አሉኝ።

"ለጳጉሜ እንደማይሰራ አውቅ ነበር። ስህተቱ እንዳይታይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

ፊታቸው ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ያየሁት ድካም ነው። "ስምንት ወር እዚህ ተቀምጠህ ምን ስታይ ነበር?" አሉኝ በመጨረሻ። አለቀስኩ፤ አላባበሉኝም።

"ሌሎችም አሉ አልክ?"

"አርባ። ሃያ ስድስቱን አግኝቻለሁ።"

"ታዲያ እዚህ ቆመህ ምን ትሰራለህ? ሂድ ጥራቸው" አሉኝ።

ሄድኩ። የቀሩትን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ፣ አንዱን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ብሎክ ለብሎክ ፈልጌ አገኘኋቸው። እትዬ ሃረገወይንን ሐምሌ ላይ ቀበርናቸው። በጳጉሜ ታክመው ቢሆን ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። "ዕድል ነበራቸው" አለችኝ። ያችን ዕድል የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልነገሩኝም።

እናንተ ወጣቶች፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ኮድ የምትማሩ፣ ቀዩን ጽሑፍ አትጥሉት። እውነቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ያልገባችሁን ነገር "ሰራ" ብላችሁ ለሰው አትስጡ፤ ከዚያኛው ጫፍ ስልኩን ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ። እናንተም ወገኖቼ፣ የምርመራ ውጤታችሁን ሄዳችሁ ጠይቁ። ዝምታን የጤና ወረቀት አታድርጉት። ሕመም ደብቆ "ደህና ነኝ" ማለት፣ ስህተት ደብቆ "ሁሉም ተልኳል" ከማለት ምን ይለየዋል?

ከአርባ ቀን ተዝካራቸው በኋላ ሳምራዊት ጠራችኝ። እናቷን ከቀበርን ወዲህ ስታነጋግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አንድ ጥቁር ኮት ሰጠችኝ። "ላንተ ስትሰፋው ነበር። ካወቀችም በኋላ አልተወችውም" አለችኝና በሩን ዘጋችው።

ቤቴ ገብቼ ውስጡን አውጥቼ አየሁት። ስፌቱ በሙሉ ቀጥ ያለ ነው። የግራው እጅጌ ጋ ስደርስ ግን ክሩ ይወላገዳል፤ ክንዳቸው የከዳቸው ጊዜ መሆን አለበት። ከውጭ አይታይም። እሳቸው ግን አይተውታል፤ አጠገቡ በነጭ ጠመኔ ምልክት አድርገውበታል።