እንጥሉ አይደለም

«ጭንቅላቱን ጠበቅ አርገሽ ያዥልኝ!» አለች የታንጉት አክስት የዓለምወርቅ።

ታንጉት አልያዘችም። የአሥር ወሩን ወንድሟን አለምሰገድን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ግድግዳው ሸሸች። እንጥል ቆራጩ አያ ደምለው ምላጫቸውን በአረቄ እያበሱ ነበር።

ታንጉት በገነች። እናቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሽንፋ ከወረደች ገና ሦስት ቀኗ ነው። አክስቷ ግን ልጁ ሲያስል እንደሰማች «እንጥሉ ወርዷል» ብላ ፈረደች። በዚህ ሰፈር ያሳለ ሕፃን ሁሉ እንጥሉ የወረደ ነው።

«እንጥሉ አይደለም እትዬ! ሳንባው ነው!»

«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?»

ባለፈው ሳምንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ምስራቅ ትምህርት ቤት መጥታ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን አፍንጫ በጥጥ እየጠረገች ናሙና ወስዳ ነበር። ልጆቹ «ንፍጣም ሁላ!» እየተባባሉ ሲንከተከቱ ሲስተር ምስራቅ አልሳቀችም።

«የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥም አርፎ ይኖራል» አለች። «የጉንፋን ቫይረስ ሲገባ ግን የአፍንጫን መከላከያ ይጎዳል። ያኔ ባክቴሪያው ይራባል፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ሳንባ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ጉንፋን የያዛችሁ፣ ሕፃን እንዳትስሙ! ትንፋሹ በደቂቃ ከሃምሳ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።»

ያን ቀን የታንጉት አፍንጫ ይፈስ ነበር። ቤት ስትገባ ግን እንደ ልማዷ የአለምሰገድን ጉንጭ እየሳመች አጫወተችው። ከሁሉም በላይ የተናደደችው በራሷ ነው።

አሁን ልብሱን ገለጠችና የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትንፋሹን ቆጠረች። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«ስድሳ አራት!» ብላ ጮኸች። «አያ ደምለው፣ ምላጭዎ ሳንባ ድረስ ይደርሳል?»

«ስንቱን ልጅ አድኛለሁ» ብለው አጉረመረሙ። ቢሆንም ምላጩን ዝቅ አደረጉ።

«እነዚያ ለአጨዳ ከደጋ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው በሽታውን ያመጡብን» አለች አክስቷ።

«እኔ ነኝ!» አለች ታንጉት። «ጉንፋኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንዳትስሙ ተብለን ስሜዋለሁ።»

አክስቷ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ለእናቱ ማን ይመልሳል?»

ታንጉት ልጁን አዝላ ማዘያውን አጠበቀች።

«እኔ እመልሳለሁ» አለችና በአክስቷ ጎን አልፋ ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰች።