ካመመህ እጅህን አንሳ

ይህ ተረት አይደለም። ማመን የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገም መብቱ ነው። እኔ ሰው ለማስፈራራት ብዬ የምጽፍ ሴት አይደለሁም፤ ለዚያ የሚሆን ጊዜም ጉልበትም የለኝም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ።

ሌሊት አልነበረም፣ መብራትም አልጠፋም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር...

ሥራዬ ጥርስ ማጽዳት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ክሊኒኩ ሦስት ክፍል አለው፤ የእኔ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለው ነው። ታካሚው ሁሉ "ሲስተር" ይለኛል። ነርስ አይደለሁም እያልኩ ሁለት ዓመት ታገልኩ፤ ከዚያ ሰለቸኝና ተውኩት።

ሥራው ይህ ነው። ታካሚው ይተኛል። አፉን አያለሁ፣ ጥርሱ ላይ የደረቀውን ቆሻሻ እፍቃለሁ። የተበላሸ ጥርስ ካገኘሁ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ዶክተሩ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ይገባል፣ ካርዱን ያያል፣ የተጻፈውን ይነቅላል። አፉንስ ለምን አያይም? እሱን እሱ ይጠየቅ።

ወገቤ አልቋል። አንገቴ አልቋል። ዓይን ዓይኔን እያዩ "በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ ሲስተር" የሚሉኝ ሰዎች አፍ ውስጥ ወጣትነቴም አለቀ።

እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራውን ልጅ "ራዲዮ" ነው የምንላት። አትዘጋም። የምሳ ሰዓቴን አንድ ቀን አክብራልኝ አታውቅም። "አንድ ሰው ብቻ፣ በናትሽ" ትለኛለች። አንዱ ሦስት ይሆናል።

አንድ ሕግ አለን። አፉን የከፈተ ሰው መናገር አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ለሁሉም እንዲህ እላለሁ...

"ካመመህ እጅህን አንሳ።"

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ታካሚውን ፊት ለፊት ሳየው የእሱ ቀኝ ለእኔ በግራ ነው። ተማሪ እያለን ይህን ያልተሳሳተ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ የሚሳሳት ግን ማን ነው?

እኔ ነኝ።

ከዚያ ማክሰኞ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። የዕለቱ አሥራ አራተኛ ታካሚዬ ሹፌር ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ተጫዋች ሰው። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ሞቷል፤ ጎማ ሲቀይር ተጨፍልቆ ነው አለኝ።

"ሲስተር፣ ስንት ገደል ያለፍኩ ሰውዬ ይቺን ወንበር ፈራሁ።"

ሳቅኩ። በዚያ ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ታች በቀኝ በኩል አንድ መንጋጋው ተቦርቡሮ ጠቁሯል። ራዲዮ በር ላይ ቆማ "ሁለት ሰው እየጠበቀሽ ነው፣ ቶሎ በይ" ትለኛለች። ካርዱን ሳብኩና ጻፍኩ።

"ታች ግራ። ይነቀል።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም እንኳ አልቻልኩም።

ዶክተሩ መጣ። ካርዱን አየ። በግራ በኩል ማደንዘዣ ወጋው። ሹፌሩ "እ... እእ..." አለ። ቀኝ እጁን አነሳ። ቀስ አድርጎ... እስከ ላይ።

መርፌ ሲያይ እጁን የማያነሳ የለም። ለምዶብኛል። እጁን ያዝኩና ዝቅ አደረግኩለት።

"አይዞህ... አለቀ።"

የተነቀለው ጥርስ ሳህኑ ላይ ሲወድቅ አየሁት። ነጭ ነው። አንድ ቀዳዳ የለውም። 

ዶክተሩ ወጥቷል። ሹፌሩ ጥጡን ነክሶ ቀኝ ጉንጩን በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ ያየኛል። "ሲደነዝዝ እንዲህ ነው" አልኩት። ጥርሱንም በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ለምን ዝም አልኩ? የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም። እናቴና ታናሽ ወንድሜ በእኔ ነው የሚያድሩት። እውነቱ ይኸው ነው፣ አላሳምረውም።

በሦስተኛው ቀን ደወለ።

"ሲስተር፣ የሚያመኝ እኮ ያልተነቀለው በኩል ነው።"

"ሕመሙ እየዞረ ነው። ቁስሉ ሲድን ይተውሃል።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አለኝ።

አመነኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ነገሩ የጀመረው በማግስቱ ነው።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ተኝተዋል። እየፋቅኩ ሳለ በጎኔ በኩል እጅ ተነሳ። በዓይኔ ጠርዝ ነው ያየሁት። ቀስ ብሎ... እስከ ላይ። መሣሪያውን ከአፋቸው አወጣሁ።

"አመመዎት?"

"ኧረ ምንም፣ ልጄ።"

"እጅዎን ሲያነሱ ጊዜ..."

"እኔ?"

ወደ ሆዳቸው አየሁ። ሁለቱም እጃቸው ቦርሳቸው ላይ ተቆላልፏል።

ደክሞኛል ብዬ አለፍኩት። ከሰዓት ደግሞ አንድ ተማሪ ላይ ሆነ። በነጋታው አንድ ነጋዴ ላይ። ሁልጊዜ ቀኝ እጅ። ሁልጊዜ ቀስ ብሎ። ቀና ስል የለም።

እጁ በተነሳ ቁጥር አቆማለሁ። ባቆምኩ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል። ራዲዮ ታጉረመርማለች። ዶክተሩ ታካሚ ፊት "ምን ነካሽ? በሰዓት ሁለት ሰው ነው እንዴ የምትጨርሺው?" አለኝ።   ጓንቴን ቀይሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ያ ማክሰኞ ደረሰ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ራዲዮ የስልኩን እጀታ በመዳፏ ሸፍና ጠራችኝ። እሷ ድምፅ ስትቀንስ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

"የሹፌሩ ባለቤት ናት" አለች በሹክሹክታ። "ሆስፒታል ተኝቷል።"

ተቀበልኳት።

"እህቴ፣ አንገቱ ድረስ አብጧል። መናገር አቅቶታል። ሐኪሞቹ ሌላ የተበላሸ ጥርስ ነበረው ወይ ይላሉ። እስቲ ካርዱን እዪልኝ።"

ካርዱ እጄ ላይ ነው። ራዲዮ አፍ አፌን ታየኛለች። ዶክተሩ ከኋላዬ ቆሟል። "አዎ፣ ቀኙ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ... ሁለት ቃል።

"ካርዱ ላይ... የተበላሸው አንድ ነው። እሱም ተነቅሏል።"

"ሌላ የለም?"

"የለም።"

"እሺ እህቴ። እግዜር ይስጥልኝ።"

አመሰገነችኝ። እኔን።

እስከ ምሳ ሰዓት ሥራዬን እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ሰባት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። በሩን ስከፍት...

ወንበሩ ላይ ሰው ተኝቷል።

ደሜ ፈላ። ይህች ልጅ ዛሬም በምሳ ሰዓቴ አስገባችብኝ አልኩ። የላይኛው መብራት በርቷል። የደረት መሸፈኛውም ታስሮለታል፣ ጥቁሩን መነጽርም አድርጓል። ሰላም እንኳ አላልኩትም። ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ማስኬን ሳብኩ።

"ካመመህ እጅህን አንሳ" አልኩ በንዴት።

አፉን ከፈተ።

ትንሿን መስታወት አስገባሁ። ሁልጊዜ በትንፋሽ ትደበዝዛለች፤ እየጠረግኩ ነው የምሠራው።

አልደበዘዘችም።

እጄ በልማድ ሥራውን ቀጠለ። ታች ግራ... ባዶ ነው። ጉድጓዱ ገና አልጠገገም። ታች ቀኝ...

ጥቁር ነው።

ያን ጊዜ በጎኔ በኩል እጁ ተነሳ። ቀስ ብሎ... እስከ ላይ። አሁን ቀና ስል አልጠፋም። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ሞቷል።

መጮህ ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ዘጠኝ ዓመት የለመድኩት ነው። እጁን ያዝኩትና ወደ ታች ተጫንኩት።

"አይዞህ... አለቀ።"

የእጁ ቅዝቃዜ ጓንቴን አልፎ ይሰማኛል። አልወርድም ብሎ ይገፋኛል። ተጫንኩት። ገፋኝ። ተጫንኩት...

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ራዲዮ ናት፣ በር ላይ።

"ከታካሚው። አንቺ ካስገባሽው።"

"እኔ ማንንም አላስገባሁም።"

ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። የደረት መሸፈኛው እንደታሰረ ተቀምጧል። የወንበሩ ስፖንጅ በትከሻ ልክ ጎድጉዷል። እያየነው ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ራዲዮም አይታዋለች። ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ወደ ስልኩ ሮጥኩ። ባለቤቱ እስክታነሳ ዓመት የቆየች መሰለኝ።

"ቀኙ ነው" አልኳት። "ታች ቀኝ። ካርዱ ስህተት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው፣ አሁኑኑ..."



"አሁን አረፈ" አለችኝ። ድምፅዋ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እጁን አነሳ። የፈራ መስሎኝ... ያዝኩና ዝቅ አደረግኩለት። አይዞህ አልኩት።"

የዚያኑ ዕለት ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

"ካርዱ ግራ ይላል፣ የተነቀለውም ግራ ነው። ማን ይጠይቃል?"

"ዶክተር፣ ሰው እኮ ሞቷል።"

"ሴትዮዋ በሐዘን ላይ ናት። በስልክ ያልሻትን ነገ አታስታውሰውም።"

ወደሚመለከተው አካል እሄዳለሁ ልለው እጄን አነሳሁ። ያዘኝና ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው።

"አይዞሽ" አለኝ። "አለቀ።"

እኔም ዝም አልኩ። አሁንም ፈቃዴን ፈርቼ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ሰምቼው የማላውቅ ይመስል።

ባለፈው ሐሙስ ጥርሴን ጀመረኝ። ታች ቀኝ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ጥርስ ሳጸዳ የኖርኩ ነኝ፤ አንድም የተበላሸ ጥርስ አልነበረኝም። በመስታወት አየሁት። በአንድ ሌሊት ተቦርቡሮ ጠቁሯል።

በእኛ ክሊኒክ ያለ ካርድ አይነቀልም። ስለዚህ የራሴን ካርድ ራሴ ሞላሁ። ጉንጬን በጣቴ ይዤ፣ ሦስት ጊዜ አረጋግጬ። ለራዲዮ ሰጠኋትና "ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" አልኳት።

"ታች ቀኝ። ይነቀል" ብላ አነበበች። ከዚያ ለምሳ ወጣች።

ተኛሁ። ዶክተሩ ካርዱን አየ። መርፌውን ይዞ መጣ።

በግራ በኩል ወጋኝ።

ልናገር ብል ምላሴ ደንዝዟል። ዓይኔን ወደ ካርዱ አዞርኩ። ሳህኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

"ታች ግራ።"

ዶክተሩ መንቀያውን አፌ ውስጥ አስገባ። ቀኝ እጄን አነሳሁ። እስከ ላይ።

አንድ እጅ ያዘኝ። ቀዝቃዛ ነው። ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገኝ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጥቁር ነው።

"አይዞሽ ሲስተር..." አለኝ በሹክሹክታ። "አለቀ።"

በክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከዶክተሩ ሌላ ሰው አልነበረም። የዶክተሩ ሁለት እጆች ደግሞ አፌ ውስጥ ነበሩ።