የሃያ ቀን መነኩሴ

ፒቻያ በመነኮሰ በሃያኛው ቀን ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሻምበል ራቲካን ናን ከተማ ዳር ወዳለው የቡድሂስቶች ገዳም ስትደርስ ፖሊሶች እጮኛውን ዋኒዳን በካቴና አስረው መኪና ላይ ሊጭኗት ነበር።

«ቆዩ፣ አትጫኗት። በምንድነው የያዛችኋት?»

«በመርዝ» አለ ሳጅኑ። «የመጨረሻውን የዓሣ ወጥ የመጸወተችው እሷ ናት። እናቱ ናቸው የከሰሷት። ማታ እስር ቤት ትገባለች።»

«የገባው ለአንድ ወር ብቻ ነው፤ ሊጨርስ አሥር ቀን ነበር የቀረው» አለች ዋኒዳ። «ከዚያ ልንጋባ ነበር። ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?»

ራቲካን ወደ አበምኔቱ ሄደች።

«አባታችን፣ ወጡን ማን ማን በላ?»

«ሦስት ሆነን። እኔ እንዲያውም አብዝቼበታለሁ። ይኸው አለሁ።»

«ከመታመሙ በፊት ምን ሥራ ሰጡት?»

«ለማዳበሪያ የሚበሰብስ የቅጠል ክምር መገልበጥ። አዲስ የገባ ሁሉ ይሠራዋል። አብረውት የገለበጡት ሁለቱ ትንሽ አሳላቸውና ተዋቸው። እሱን በሳምንቱ ትኩሳት ጣለው።»

ክምሩን በእንጨት ወጋችው። ነጭ ብናኝ ቦነነ፤ አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ ሆስፒታል ሄዳ ሐኪሙን አነጋገረች፤ ሬሳውንም አየች፤ አንገቱ ላይ አራት የድሮ የቢላ ጠባሳ አለ። ከዚያ የእናቱን ቤት ፍሪጅ ከፈተች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የገዳሙ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። የፒቻያ እናት ካምፓን ከፊት ተቀመጡ።

«መርዝ የለም» አለች ራቲካን። «መርዝ ቢሆን አባታችንም አይተርፉም ነበር። ሐኪሙ ሳንባው ውስጥ ያገኘው ሻጋታ ነው። የክምሩ ሻጋታ።»

«እኛም እኮ ተንፍሰነዋል» አለ አንዱ መነኩሴ።

«የናንተ ደም ይገድለዋል። የፒቻያ ደም ግን ከተወለደ ጀምሮ አይገድለውም ነበር። አንገቱ በብጉንጅ አራቴ የተቀደደው ለዚህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ በስሙ የሻጋታ መድኃኒት አለ፤ በየቀኑ የሚዋጥ። ከመነኮሰበት ቀን ጀምሮ አልተነካም። አባታችን፣ ሲመነኩስ ብጉንጅ አለብህ ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁታል?»

«ሥርዓታችን ስለሆነ ሁሉንም እንጠይቃለን። የለብኝም አለ።»

«አለብኝ ቢልስ?»

«አላመነኩሰውም ነበር። ክምሩ ጋም አይደርስም ነበር።»

«መድኃኒቱን ይዞ ቢመጣ ደግሞ ይታወቅበታል። ስለዚህ ቤት ቀረ። እትዬ ካምፓን፣ የለብኝም በል ያለው ማነው?»

ካምፓን ፊታቸውን ከዋኒዳ አዞሩ።

«የሐኪሙ ወረቀት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ይቺ ልጅ ታስራ ትቆያለች። ክሱን ዛሬ ማንሳት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ካምፓን ቀሚሳቸውን ጨበጡ።

«ልጅ ሲመነኩስ ጽድቁ ለእናት ነው። ሌላ ልጅ የለኝም። ለአንድ ወር ምን ይሆናል ብዬ... በሽታው ከእኔ ነው የመጣበት። ሐኪሙ ድሮ ነግሮኛል። መንደሩ ይህን ከሚሰማ እሷ ትታሰር አልኩ።»

«እንዳልገደለችው እያወቁ?»

«እያወቅኩ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ፈታ። ዋኒዳ ግን አልተነሳችም።

«እማማ፣ በየጠዋቱ ሩዝ ይዤለት እመጣ ነበር እኮ» አለች። «ብትነግሩኝ መድኃኒቱን ከሩዙ ሥር አደርግለት ነበር።»