ጠፍጣፋ አውራ ጣት

ምን አለሽ ተራ ውስጥ የእኔ መዶሻ ሲያርፍ እንጦጦ ላይ ያስተጋባል። እስከዛሬ አምስት መቶ ሺህ የከሰል ምድጃ ሠርቻለሁ፤ ቢያንስ። ግን እኔ የምሠራው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ከሰሉን የሚይዘውን የሸክላ ሆድ የምትሠራልኝ ሐመልማል ነበረች፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ።

መጀመሪያ የሄድኩት ለትእዛዝ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጭቃውን ትጫነዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ መልሳ ትጫነዋለች። ከዚያ በጣቶቿ መሃል ጭቃው ቀና ብሎ ቆመ። እኔ ብረት የሚታጠፍልኝ ለምኜው፣ ተሳድቤ፣ ቀጥቅጬው ነው። እሷ ነካችው፣ ተነሣ። በዚያች ሰዓት መላው መርካቶ ጸጥ አለ ብል አታምኑኝም። እኔ ግን ሌላ ድምፅ አልሰማሁም።

«ምን ሆንክ? በርበሬው አነቀህ?»

«አይ፣ አየር አጥሮኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ አየር ነው የማስወጣው» አለች ጭቃውን በጥፊ እየመታች። «ውስጡ ከቀረ እሳት ላይ ይፈነዳል።»

ስድስት ወር ተመላለስኩ፤ በየቀኑ፣ እሑድ ሁለቴ። በመጨረሻ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እጇን ከጭቃው አነሣች።

«ምንይሉ፣ ያንተን ወሬ ማን ያምናል? አንድ የሸክላ ሆድ በገዛ እጅህ ሥራ። ከእሳት ደህና ከወጣ ላክ። ከተሰነጠቀ ግን በትእዛዝ ብቻ እንተዋወቅ።»

«አንድ? መቶ እሠራለሁ! ለነገ!»

«ቀስ በል። የድሮ ስብርባሪ ሸክላ ወቅጠህ፣ ነፍተህ ቀላቅልበት፤ እሳት የሚያስችለው እሱ ነው። ጆሮ ስትቀጥልለት ሁለቱንም ወገን ቧጭረህ በቀጭን ጭቃ አጣብቅ። ከዚያ በፌስታል ሸፍነህ ጥላ ውስጥ ተወው። ሁለት ሳምንት።»

ሁለት ሳምንት! በሁለት ሳምንት እኔ ለአንድ ከተማ የሚበቃ ምድጃ አወጣለሁ። ሠራሁና የሱቄ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ የቀትር ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከምሳ ስመለስ ከአፉ እስከ ቂጡ ተሰንጥቋል።

ምን ላድርግ? ሱቄ ውስጥ እሷ ራሷ ሠርታ፣ ተኩሳ ከሸጠችልኝ አንዱን አነሣሁ፤ አመድ ቀባሁት፤ ይዤላት ሄድኩ።

«ራሴ ተኮስኩት። እሳቱን ያየ ሁሉ አጨበጨበ።»

ሐመልማል እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ታች ላይ ያለችው ትንሽ ጉድጓድ አውራ ጣቷን ልክክ አድርጋ ተቀበለችው።

«እያንዳንዱ ላይ እንዲህ እጫናለሁ» አለች። ከዚያ ቀኝ እጄን ያዘች። አውራ ጣቴን መዶሻ ማንኪያ አስመስሎ ጠፍጥፎታል። «ይቺ እዚህ ትገባለች?»

አልገባችም። ዓይኖቿ ውስጥ ንዴት ብጠብቅ ሐዘን አየሁ።

«ተሰነጠቀብኝ» አልኩ። «ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እንዳላጣሽ ፈርቼ ዋሸሁሽ።»

«የተሰነጠቀው የት አለ?»

«ሱቅ።»

«አምጣው። ያልተተኮሰ ጭቃ ውሃ ውስጥ ከዋለ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።»

ዘፈዘፍነው። እሷ ቤት፣ ዓይኗ ሥር፣ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ታች ላይም አውራ ጣቴን ተጫንኩበት። በፌስታል ሸፈነችውና አሰናበተችኝ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አንድ ፌስታል ለማየት ብቻ ተመላለስኩ።

የተኮሰችው ዕለት፣ አመዱ እስኪበርድ፣ እኔ ምንይሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አወጣችው። አንድ ጎኑ ዘሟል። በጥፍሯ ስትመታው ግን እንደ ደወል ጠራ፤ አልተሰነጠቀም።

ውስጡን ዳሰስኩ። ታች ላይ የእኔ ጠፍጣፋ ምልክት አለ። አጠገቡ ግን ሌላ አለ፤ ትንሽ፣ ጠለቅ ያለ።

«መቼ ነው የተጫንሽው?»

«ፌስታሉን ያለበስኩት ዕለት።»

«ገና እሳት ሳይገባ? ቢሰነጠቅስ ኖሮ?»

«አብሬ እሰነጠቅ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል።

ያንን ቀን ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። እስከዛሬ የምጨምርበት አላገኘሁም።