ዓሣውን ከማዘዝሽ በፊት

ከደሳለው ጋር ምግብ ቤት መግባት ፈተና ነው። ይህን ያወቅኩት ገና ስሙን ሳላውቅ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ይሄነው የሚባል ሰው ሥጋ ቤት አለው። የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ የጨረስኩ ዕለት ራሴን ቁርጥ ልጋብዝ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። የመጀመሪያውን ቁራጭ አዋዜ አጥቅሼ ወደ አፌ ሳስጠጋ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ አንድ ቀጭን ወጣት ብድግ አለ።

«እህቴ፣ እንዳትበዪው!»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ቤቱ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

«ምን ሆነ?»

«ማህተም የለውም። ሳይመረመር ነው የታረደው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አውቃለሁ።»

ይሄነው ቢላዋውን እንደያዘ መጣና የተሰቀለውን ብልት ገልበጥ አደረገው። ማህተሙ በወዲያኛው በኩል ቁጭ ብሏል። ሰዉ ሳቀ። ወጣቱ ፊቱ ደም መስሎ ተቀመጠ። እኔም ዓይን ዓይኑን እያየሁ ሥጋዬን ዋጥኩ።

በማግስቱ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ሆድሽን አላመመሽም?» አለኝ።

«ማህተሙን አይተኸው የለም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። ማህተም ግን ሁሉንም ነገር አይናገርም።»

እየተናደዱ መሳቅ እንደሚቻል የዚያን ቀን አወቅኩ።

ደሳለው ከደጎሎ ተዛውሮ የመጣ ነው። አንዲት ታማሚ ላም ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄዳል፤ ስለ ራሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል። ሻይ ሲያዝ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳል። አስተናጋጅ ሲመጣ ከፊቱ በፊት ጥፍሩን ያያል። በዚህ ሁሉ ተቃጥዬ ተቃጥዬ፣ አንድ ሳምንት ለመስክ ሥራ ሄዶ ሲጠፋብኝ፣ ቁርጤን ሳልመረምር መብላት አቃተኝ። ወደድኩት ማለት ነው።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ አቶ ንጉሡ እሺ አሉ፤ ቀለበትም አሰረልኝ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ታላቅ እህቴ ብርሀንነሽ ይህን ስትሰማ ከባርቤዶስ ደወለች። ባርቤዶስ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ብርሀን ነርስ ናት፤ የዚያ አገር ሰው አግብታ እዚያው ቀርታለች። «የሠርግ ስጦታዬ ጉዞ ነው» አለችኝ። «ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። ጫጉላችሁ ባሕር ዳር ይሆናል።»

መከራዬ የተጀመረው ያኔ ነው።

ደሳለው ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ስለ ደሴቱ ያነብባል። በመንገድ ስንሄድ ይመክረኛል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይመክረኛል። ሁዳዴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ሽሮ ቤት ተቀምጠን ሽሮው ፊታችን ይንተከተካል፤ እሱ ግን የባርቤዶስ ምግብ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

«ሂሳብ ሲያመጡልሽ የታችኛውን መስመር አንብቢ። የአገልግሎት ብለው አብረው ይደምሩታል። ሳታዪ ቲፕ ደግመሽ እንዳትሰጪ።»

«እሺ።»

«ዓሣውን ከማዘዝሽ በፊት ዋጋውን ጠይቂ። ዋጋው በየቀኑ ይለዋወጣል። በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።»

«እሺ ደሳለው፣ ብላ።»

«ጠረጴዛው ላይ ስልጆ የሚመስል ቢጫ ነገር ታገኛለሽ። ስልጆ አይደለም፣ ቃሪያ ነው፤ ምላስ ይልጣል። በማንኪያ ጫፍ ብቻ ቅመሺው። ሩዙንም ዝም ብለሽ እንዳትጀምሪ። ከአሳማ ጋር የሚቀቅሉት አሉ፤ ጠይቂ።»

«ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው!»

«ባሕሩ ዳር ደግሞ ትንንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያለው ዛፍ አለ። መብላቱ ቀርቶ ዝናብ ቢመጣ እንኳን ሥሩ እንዳትጠለዪ። ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ቆዳ ያቃጥላል። ዥጉርጉር የወታደር ልብስ የሚመስል ነገርም እንዳትይዢ፤ በሕግ የተከለከለ ነው።»

«እኔ የወታደር ልብስ መቼ ለብሼ አውቃለሁ?»

«ቦርሳሽ» አለ።

ቦርሳዬን አየሁት። እውነቱን ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ።

«ምሳሽን ሆቴል ውስጥ አትብዪ። መንገድ ዳር የሚሸጡ ሴቶች ዘንድ ይረክሳል፤ ሰው ተሰልፎ ካየሽ ግቢ። ታክሲ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት በዋጋው ተስማሚ። ብቻሽን ስትበዪ ደግሞ ለበሩ ቀረብ ያለውን ጠረጴዛ…»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ።

እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ። በየቀኑ ልጆችን ግሥ ሳስረባ እውላለሁ። ከዚህ ሁሉ ሳምንት ምክር ውስጥ «ስንበላ»፣ «ስንሄድ»፣ «ስንከፍል» የሚል አንድም ቃል እንዳልሰማሁ ያኔ ገባኝ። ሁሉም አንቺ ነው። እኛ የሚባል የለም።

«ብቻሽን?» አልኩት።

የሽሮውን ድስት ጆሮ ይነካካ ጀመር።

«ደሳለው፣ አትመጣም?»

«ብርሀንነሽ ደውላልኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አግኝታልሻለች። ‹እህቴ እዚያ ጭቃ ውስጥ እድሜዋን አትጨርስም፤ ከወደድካት አትያዛት› አለችኝ። አብሬሽ ከሄድኩ ለኔ ብለሽ ትመለሻለሽ። ብቻሽን ከሄድሽ ግን በነፃነት ትወስኛለሽ ብዬ…»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እውነትሽን ነው አልኳት።»

በሽሮ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ አድርጌ ጮኽኩ። «እውነትሽን ነው? ስለኔ ሕይወት ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ፣ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ፣ ለኔ የቀረልኝ የዓሣ ዋጋ መጠየቅ ነው?»

ቀለበቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ልወረውርለት ፈለግኩ። አልወጣ አለኝ። ሳዞረው፣ ስስበው፣ ጣቴ አበጠ። ደሳለው በሐዘን አየኝና፣

«ሳሙና ይሻላል» አለ።

ቀለበቱን እንዳደረግኩ እያለቀስኩ ወጣሁ።

ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። አባቴ ነገሩ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ ሰውየው መከረሽ እንጂ ምን በደለሽ?» እያሉ ሰነበቱ። ለሳቸው እንዴት ላስረዳ? የሚደበድብ ቢሆን ይከሰሳል። ዝም ብሎ የሚለቅን ሰው የት ሄደው ይከሱታል?

ፍልሰታ እንደተፈታ ለመሄድ ወሰንኩ። ደሳለው ሊሸኘኝ መነኸሪያ ድረስ መጣ። ከሩቅ ቆሞ ነበር፤ እኔው ጠራሁት።

«እመለስ ይሆናል፤ አልመለስም ይሆናል» አልኩት። «የምወስነው ግን እኔ ነኝ። አንተም አይደለህም፣ እህቴም አይደለችም። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። አንድ ነገር ሊለኝ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጠበቅኩት።

«የክትባት ካርድሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢው። በእጅሽ ያዢው» አለ።

ጀርባዬን ሰጥቼው ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

አልዋሽም፤ ደሴቲቱ ውብ ናት። ባሕሩ ጠዋት አንድ ዓይነት፣ ማታ ሌላ ዓይነት ነው። ሰዉ ሳያውቅሽ ሰላም ይልሻል። በደረስኩ በሦስተኛው ምሽት ብርሀንና ባሏ አሸዋው ላይ ጠረጴዛ የዘረጋ ምግብ ቤት ወሰዱኝ። የቀረበልኝ ምግብ በባሚያ የተገነፋ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ከጎኑ ዓሣ። ዓሣው ሲዋኝ ከውሃ ወጥቶ የሚበርር፣ ክንፍ ያለው ዓይነት እንደሆነ ባሏ በእጁ እያሳየ ነገረኝ።

ማንም እንዳትበዪ አላለኝም። ማንም ብርጭቆዬን ወደ ብርሃን አላነሳም። ምግቡ ጣፋጭ ነበር። አንዴ ጎርሼ ሹካውን አስቀመጥኩ።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። መካነ ሰላም ሌሊቱ ተጋምሷል፤ በአንድ ጥሪ አነሳው።

«ደሳለው! የምበላው ዓሣ ክንፍ አለው!»

«ሄሎ? አይሰማም… አጥንቱን ተጠን…»

ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም። ስልኩን ባሕሩ ውስጥ ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ ብርሀን ክሊኒኩን አሳየችኝ። ንጹሕ ነው፤ ነፋሻ ነው። በሩ አጠገብ ተቀምጬ በሽተኞችን በፈገግታ መቀበል ነው ሥራዬ። ለትንሽ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መስከረም ላይ የማላገኛቸው ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ግሥ ማርባት እንደ ዳገት የሚከብዳቸው፣ ሲገባቸው ግን ከመቀመጫቸው የሚነሡት።

«ብርሀን፣ አልፈልገውም» አልኳት።

«ለሱ ብለሽ ነው?»

«ሥራዬን እወደዋለሁ። እሱንም እወደዋለሁ። ሁለቱም ያሉት እዚያ ነው። ምን ላድርግ?»

«ጭቃው ውስጥ?»

«ጭቃው ውስጥ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እኔስ?» አለች። «እኔ እዚህ በአማርኛ የምቆጣው ሰው የለኝም እኮ።» ያኔ ነው ሥራው ሰበብ እንደነበር የገባኝ። እህቴ ብቻዋን ነበረች። አቅፌያት ሁለታችንም አለቀስን፤ በጥር ለሠርጌ ከነባሏ እንድትመጣ አስምዬ ተለያየን። በጥር ሠርግ እንዳለው ግን ሙሽራው ገና አያውቅም።

የምመጣበትን ቀን ብቻ ነግሬው ስለነበር ደሳለው ደሴ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ያዘ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሞች አወራ። እንዲጠይቀኝ የምፈልገውን ግን አልጠየቀኝም። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር እሱ ከኋላ፣ እኔ ከመስኮቱ ሥር ከአንዲት ጠና ያሉ ነጋዴ ሴት ጎን ተቀመጥን። ኡምኩልሱም ይባላሉ።

አቀስታን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የኋላው ጎማ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ረዳቱ ወንዶቹን ሁሉ አስወርዶ አስገፋቸው። ጥቂት ቆይቶ ደሳለው እስከ ቅንድቡ ጭቃ ለብሶ በመስኮቴ በኩል ብቅ አለ።

«መስኮቱን ዝጊው፤ ይረጭብሻል» አለ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ሥራውን አልቀበልም ብያቸው ነው የመጣሁት!»

ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ፣ ይገርማችኋል፣ ተቆጣ! ደሳለው ሲቆጣ አይቼ አላውቅም።

«ለምን? ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ? ነገ ብትጸጸቺስ? ከዛሬ አምስት ዓመት በኋላ አንተ ነህ ያስቀረኸኝ ብትዪኝ ምን ብዬ እመልስልሻለሁ?»

«የመረጥኩት እኔ ነኝ! አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም! ማንም ስላልጠየቀኝ እኮ ነው! ብቻሽን እንድትሄጂ ስመክርሽ አንድ ሌሊት የተኛሁ ይመስልሻል? እወድሻለሁ እኮ! ከማንም በላይ ነው የምወድሽ! ምን ላድርግ ታዲያ?»

እሱ ራሱ ከአፉ በወጣው ነገር ደነገጠ። የሚኒባሱ ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል።

ኡምኩልሱም በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ወላሂ ይኼ ልጅ ነፍሱ ልትወጣ ነው። መልሺለት እንጂ፣ ምን ታይዋለሽ?»

በነጠላዬ ጫፍ የዓይኑን ጭቃ ጠረግኩለት።

«በጥር እንጋባለን» አልኩት። «እሺ በል፤ ሌላ ምንም እንዳትጨምር።»

«እሺ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ኡምኩልሱም እልልታቸውን አቀለጡት፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። ከኋላ የሚገፉት ወንዶች መኪናው የወጣ መስሏቸው አብረው በደስታ ጮኹ። መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም።