ለሙሽራዋ አባት የተተወው ወንበር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ገደማ... ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ቂርቆስ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው የእኔና የአባቴ ቤት።

ልደት እባላለሁ። ሥራዬ ቪዥዋል ኢፌክት ነው፤ ቪዲዮ ላይ የሌለውን እንዳለ፣ ያለውን እንደሌለ አድርጌ እሠራለሁ። ካዛንቺስ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጥሬ ቆየሁና "በራሴ ልሥራ" ብዬ ወጣሁ። ፍሪላንሰር ሆንኩ እንግዲህ።

ወጣሁና... ጭጭ። ስልኬ አይጠራም። ቢጠራም "ሥራ አገኘሽ ወይ?" የሚል ዘመድ ነው። አባቴ እንዳይሰማኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

አባቴ ተስፋለም ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ መድኃኒት የምትባል ሙሽራ ደወለች።

አባቷ ሠርጓ ሳይደርስ ሞተባት። ሠርጉ ላይ ወንበሩን ባዶ ትተውለታል። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ፣ እሷ ባዶው ወንበር ፊት ተንበርክካ ታለቅሳለች። ቪዲዮው አንጀት ይበላል።

"ወንበሩ ላይ አስቀምጪልኝ" አለችኝ። "አንዴ ይመርቀኝ... በቃ።"

ፊቱን ከፎቶ አወጣዋለሁ። ፊቱን የምደርብበት ገላ ግን ያስፈልገኛል። ኮቱን አመጣችልኝ።

ስቱዲዮ እያለሁ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ፣ የሟቹን ልብስ ሱቅ ደጃፍ እንደሚቆሙት ያለ አሻንጉሊት ነበር የምናለብሰው። አሁን አሻንጉሊት ከየት ላምጣ? ያለኝ አባቴ ነው።

በሩ ላይ፣ በኋላ በኮምፒውተር የማጠፋው አረንጓዴ ጨርቅ ሰቅዬ፣ ወንበር አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ኮቱ ልክክ አለበት።

"አባዬ፣ እጅህን ዘርጋና መርቅ።"

"ማንን?"

"ሙሽራ ፊትህ ተንበርክካለች በል።"

መረቀ። እኔ ስለ መብራቱ ስጨነቅ ልብ ብዬ አላየሁትም።

የሟቹን ፊት በአባቴ ፊት ላይ ደርቤ፣ በማግስቱ ላኩላት። ወዲያው ደወለች። እያለቀሰች ነው።

"ልደት... ማን ነገረሽ?"

"ምኑን?"

"በግራ እጁ እንደሚመርቅ። ስትሮክ ከመታው በኋላ ቀኝ እጁ አይታዘዝም ነበር እኮ..."

ማንም አልነገረኝም።

ቪዲዮውን ከፈትኩ። እውነትም በግራው ነው የሚመርቀው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተዝለፍልፎ ወድቋል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ የያዘው በቀኝ እጁ ነው።

ቀስ ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ።

ኮቱን ከትናንት ጀምሮ አላወለቀም። ሻዩን... በግራ እጁ ያማስላል።

"አባዬ... ኮቱን አውልቀው።"

"ይበርደኛል።"

ድምፁ ወፈር ብሏል። ጉንፋን ነው አልኩ ለራሴ።

ኮምፒውተሩ ላይ የደረብኩትን ፊት አጠፋሁት። አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ከሥሩ የአባቴ ፊት መምጣት አለበት።

አልመጣም።

ደግሜ ጫንኩ። ካሜራው ውስጥ ያለውን፣ ምንም ያልነካሁትን ቅጂ ከፈትኩ። አረንጓዴው ጨርቅ ፊት፣ የእኛ ወንበር ላይ፣ የመድኃኒት አባት ተቀምጧል።

ካሳይ ጋ ደወልኩ። ካሳይ የስቱዲዮው አለቃዬ ነበር።

"የሟች ልብስ ለምንድን ነው አሻንጉሊት የምናለብሰው?"





"ሰው አልብሰሻል እንዴ?" አለ በሹክሹክታ።

"አባቴን..."

"አስወልቂው! አሁኑኑ!"

ሮጬ ኮቱን ያዝኩ። ጎተትኩ። አባቴ በግራ እጁ ገፋኝ።

"ተይ፣ አንቺ ልጅ" አለኝ።

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

መድኃኒትን ደውዬ ጠራኋት። "መጥተሽ ኮትሽን ውሰጂልኝ... በእናትሽ!" ከቡልጋሪያ ሰፈር በታክሲ እየበረረች መጣች። በሩን ከፍታ አየችው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች።

ራሷን ዳበሳት። "ልጄ... ወደ ቤታችን እንሂድ።"

"አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ነኝ! ልደት!"

ቀና ብሎ አየኝ። መንገድ የጠየቀውን እንግዳ ሰው እንደሚያይ፣ በጨዋነት።

"መዲ፣ ይህቺ ልጅ ማናት?"

የመድኃኒትን እጅ ይዤ ለመንኳት። "አታድርጊው... አባቴ ነው። ሌላ ሰው የለኝም።"

"እኔም የለኝም" አለች። ዓይኔን አላየችም። ደግፋው ወጣች።

እስከ አስፋልቱ ድረስ እየጮህኩ ተከተልኳቸው። ሰው ቆሞ ያየኛል። ታክሲው ሄደ።

ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ የሠርጉ ቪዲዮ ሲጫወት ቆይቶ መጨረሻው ላይ ደርሷል። እንግዳው ሁሉ ተበትኗል። አስተናጋጆች ወንበር ይደራርባሉ። አዳራሹ መሃል አንድ ሽማግሌ ብቻውን ቆሟል።

የለበሰውን ሹራብ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ሰውን ከቪዲዮ ቆርጦ ማውጣት ሥራዬ ነው። ስንቱን አውጥቻለሁ። አባቴን ግን ቆርጬ ወዴት ላምጣው?

ዛሬም ከፍቼዋለሁ። አስተናጋጆቹ ይወጣሉ። መብራቱ ይጠፋል። አባቴ በሩን ፍለጋ፣ በጨለማው ውስጥ ግድግዳውን ይዳብሳል...