በክሩ መልስልኝ

የአርዛን መናገሻ የሆነችው የሰመርታ ከተማ ደወል በጠፋበት ማለዳ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሁሉ ቀድሞ ነገሩ የደረሰበት አንድ ሙሽራ ነበር። ሙሽሪት ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋለት አፉን ገጥሞ፣ «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» አላት። እሷም ሳታፍር፣ «አንተ ያመጣኸውንስ ጠጅ ማን ቀመሰው?» ስትል መለሰችለት። ሚዜዎቹ ተያዩ፤ አማቾቹ ጎራዴ ፈለጉ፤ ሰርጉም እዚያው ፈረሰ። ቀኑ ሳይመሽ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በሩን ቀረቀረ፤ እናት የገዛ ልጇ ከኋላዋ ሲመጣ ደነገጠች። የአርዛን ሕዝብ እርስ በርሱ በዓይነ ቁራኛ ይጠባበቅ ጀመር።

ሽማግሌዎች ወደ ማማው ቀና ቢሉ ደወሉ የለም። ያ ደወል ለጌጥ የተሰቀለ አልነበረም። በየማለዳው ከሩቅ በረጅም ገመድ እየተጎተተ ሲደወል፣ ኩርፊያ በሚባለው ተራራ ዋሻ ውስጥ የሚኖረውን አሾክሿኪ አስሮ ያኖረው ነበር። አሾክሿኪው ጥርስም ጥፍርም የለውም። ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱን ይዞ ወደ ሰው ጆሮ ይጠጋና ወንድምን በወንድም ያስጠረጥራል። የደወሉ ጠባቂ ሊቀ ደወል መርጎስም አብሮ ስለጠፋ፣ ሌባው እሱ ነው ተባለ።

ንግሥት ዘሊሃን ጀግኖቿን ላከች። ጀግኖቹ ከዋሻው አፍ ሲደርሱ እርስ በርስ ተጋደሉ፤ የተረፉትም እርስ በርስ እየተካሰሱ ተመለሱ። በመጨረሻ ንግሥቲቱ፣ መኳንንቱ እየተንሾካሾኩ፣ ናርዲትን አስጠራች።

ናርዲት የከተማው በር ጠባቂ ቀስተኛ ነበረች። አንድ ዘመን ግን ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረች። ድምፁ የውሃ ቀጂዎቹ እንስራ መርዝ ነው አላት፤ አመነችው። ቀስቷን በሴቶቹ ላይ ስትደግን ወንድሟ ሳብላን ከኋላ አቅፎ አስጣላት። ከዚያ በኋላ በእርጋታ ቤት ብዙ ክረምት ከረመች። ሰከን የሚሉትን መራራ ሥር ጠጣች፤ መተኛት እንደ ሕፃን እንደገና ለመደች፤ ንብ አርቢዎች ዘንድ ሥራ ያዘች፤ ደግሞ ወደቀች፤ ደግሞ ተነሣች። ስትወጣ በአገሩ ሥርዓት መሠረት ቀይ ክር በሳብላን የእጅ አንጓ ላይ አስራ፣ «ዓይኔ ሲከዳኝ በዓይንህ አያለሁ፤ ጆሮዬ ሲከዳኝ በጆሮህ እሰማለሁ» አለች። እሱም፣ «በክሩ ስጠየቅ አልዋሽም፤ ለማጽናናት እንኳ አልዋሽም» ብሎ ማለ።

ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ተነሥታ፣ «ናርዲት ሆይ! ጤነኛ ነኝ ያለ ሁሉ በዚያ ዋሻ ደጃፍ ወደቀ። ድምፁ አዲስ ሆኖበት አመነዋ! አንቺ ግን ሰምተሽ፣ አምነሽ፣ ታመሽ ተመልሰሻል። የመመለሻውን መንገድ ካንቺ በቀር የሚያውቅ በቤቴ የለም። ደወሉን አምጪልኝ። ተጠንቀቂ ግን፤ በቅርብ ሆኖ የመታው ሰው ከዚያ ወዲያ የሰው ድምፅ አይሰማም» አለቻት።

ናርዲትም ቀስቷን ከእግሯ ሥር አኑራ፣ «ያመኑኝን ንግሥቴን አላሳፍርም!» ብላ ማለች። መኳንንቱ እብዷ ተላከች ብለው ተሳሳቁ፤ ፊት ለፊት ግን መልካም መንገድ ተመኙላት።

ወንድሟ ሳብላንና ደጀርን የተባለ አዛዥ አብረዋት ወጡ። አዛዡ ጥሩ ወታደር ነው፤ ዝምታው ግን ያስፈራል። ከኮርቻው ላይ አዲስ ገመድ ተንጠልጥሏል። ናርዲት ገመዱን አየች፤ አዛዡ ማየቷን አየ፤ ከዚያም ሁለቱም ሌላ ነገር የሚያዩ መሰሉ። እኩለ ቀን ላይ ወደ ወንድሟ ተጠግታ ክሩን ያዘች።

«ወንድም ጋሼ፣ በክሩ መልስልኝ። ያ ገመድ ለእኔ ነው?»

ሳብላን ወደ ገመዱ ዞሮ አየ። «አዎ። አዛዡ ካመመሽ አስሮሽ እንዲመለስ ታዟል።»

ክፉ መልስ ነበር። ግን ናርዲት ትከሻዋ ቀለለ፤ ገመዱም ገመድ ብቻ ሆነ። እንዲህ ነበር ከበሽታዋ ጋር መኖር የተማረችው፤ እውነቱ የቱንም ያህል ቢመር ከጥርጣሬው ይሻላት ነበር።

ተራራው ሲቀርብ ሥሩን መጠጣት አቆመች። ሳብላን ለመናት።

«እጄን ያንቀጠቅጠዋል» አለችው። «ቀስት ይዤ ልንቀጥቀጥ እንዴ? ስንመለስ እጀምረዋለሁ።»

«ናርዲ፣ ባለፈውም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልሽው።»

«አትጨቅጭቀኝ በቃ!»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ራቃት። ከድንጋዮቹ ጀርባ ሰዎች ቆመው ሲያዩዋት አየች፤ ሳብላንን ጠየቀች፤ የሉም አላት፤ አመነችው። አንድ ቀን ግን ከቅሏ ስትጎነጭ ውሃው መረራት። በጣም የምታውቀው ምሬት ነበር። ክሩን ያዘችና፣

«በክሩ መልስልኝ። ውሃዬ ውስጥ የጨመርከው ነገር አለ?»

ሳብላን ዓይኗን ሳያይ፣ «የለም። ምንጩ ነው እንጂ» አላት።

ያን ጊዜ ናርዲት የምትይዘው ነገር ጠፋት። ክሩ አይዋሽም፤ እንግዲያው የዋሸው ምላሷ ነው። ምላሷ ከዋሸ ጆሮዋስ? ወንድሟ ራሱ አጠገቧ ያለው በእርግጥ ወንድሟ ነው? ውሃውን በስውር ደፋችው። ከዚያ ወዲያ ከወንድሟ ኋላ ኋላ እየሄደች እጆቹን ትጠብቅ ጀመር። እሱ ሲያስል ምልክት ይመስላታል፤ አዛዡ ፈረሱን ሲያቆም የተቃጠሩ ይመስላታል። ሦስቱ በአንድ መንገድ ሄዱ፤ አንዱ ግን ሌላውን ማስቀደም እንጂ መቅደም አልፈለገም።

ከዋሻው ሲገቡ አየሩ እርጥብ ነበር፤ የሰው እስትንፋስ ይመስል ይሞቃል። ከመካከሉ ደወሉ በግንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ሊቀ ደወል መርጎስ፣ ከስቶ፣ ጺሙ ጨብርሮ፣ ጩቤ ይዞ ቆሟል።

«አትጠጉ! ልትሰርቁት ነው የመጣችሁት!»

ደጀርን ጎራዴውን መዘዘ። ናርዲት ግን እጇን ዘርግታ ከለከለችውና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ መርጎስ፣ ሌባ ይመጣል ብሎ ማን ነገረዎት?»

«እሱ... ድምፁ። ደብቀው አለኝ። አንተ ብቻ ነህ ታማኝ አለኝ።»

«እኔንም እንዲሁ ይለኝ ነበር። ከተኙ ስንት ጊዜዎ?»

ሽማግሌውን እስከዚያ ስለ እንቅልፉ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጩቤው ከእጁ ወደቀና እንባው ጺሙ ላይ ወረደ። ታላቁ የአርዛን ሌባ ይኸው፤ ደወሉን ከሌባ ሊጠብቅ የሸሸ የታመመ ሽማግሌ።

ያን ጊዜ አሾክሿኪው ተናገረ። ድምፁ ከግድግዳው ሁሉ መጣ፤ ለስላሳ ነበር፤ ያዘነላት ይመስል ነበር።

«ናርዲት፣ ምስኪን! ውሃሽ ውስጥ ምን እንደጨመረ ጠይቂው።»

ወደ ሳብላን ዞራ ክሩን በሁለት እጇ ያዘች። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው። በክሩ መልስልኝ።»

ሳብላን ተንበረከከ። «ጨምሬአለሁ። ሥሩን ፈጭቼ ጨመርኩት። ዳግመኛ እንዳላጣሽ ፈራሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንዳትጠዪኝ ፈርቼ ዋሸሁ። ምላስሽ ልክ ነበር፣ እህቴ። የከዳሁሽ እኔ ነኝ።» አንጓውን ዘረጋላት። በሥርዓቱ መሠረት የዋሸ ሰው ክሩ ይቆረጣል።

«ቁረጪው!» አለ አሾክሿኪው። «ቁረጪውና ብቻሽን ቁሚ!»

ናርዲት ወንድሟን በጥፊ ልትለው እጇ ተነሥቶ ነበር። ግን ከንዴቷ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ምላሷ አልዋሻትም! እግሯ መሬት ነካ። ያ ድምፅ ደግሞ ብቻዋን እንድትቆም ለምን እንደሚቸኩል ገባት፤ በመጀመሪያውም ጊዜ የበላት ብቻዋን አግኝቶ ነው።

«አሁን አልቆርጠውም» አለች። «ጠባችን ቤት ይጠብቀናል።»

አሾክሿኪው ከእሷ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ደጀርን ዞረ። አዛዡ በዕድሜው እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ወዲያው አመነው። «ተስማምታችሁብኛል! ልትገድሉኝ ነው!» ብሎ ጎራዴውን በተንበረከከው ሳብላን ላይ አነሣ። ናርዲት ከደወሉ ሥር የተቀመጠውን መምቻ መዶሻ አነሣች። መርጎስ እጇን ያዘ።

«ልጄ፣ እዚህ ቆመሽ ከመታሽው ሰው ሲጠራሽ አትሰሚም!»

ለናርዲት የሰውን ድምፅ ማጣት ማለት የሳብላንን «የሉም» ማጣት ማለት ነው፤ ከድንጋዩ ጀርባ ሰዎች ሲቆሙ የሚያረጋጋትን ያንን ቃል። ግን ጎራዴው እየወረደ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር በለኝ!»

«ናርዲዬ!» አለ ሳብላን።

መታችው።

ዋሻው ተናወጠ፤ እርጥቡ አየር እንደ ጉም ተበትኖ ወጣ። ደጀርን ጎራዴውን ጥሎ፣ ምን ላደርግ ነበር ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ሳብላን እህቱን አቅፎ እየደጋገመ ጠራት። ናርዲት ከንፈሩን አየች እንጂ ምንም አልሰማችም።

ደወሉ ወደ ማማው ተመለሰ። ሙሽራውና ሙሽሪት እንደገና ድግስ ደገሱ፤ ሲጎራረሱ አማቾቹ አለቀሱ። ንግሥቲቱ ምን ልሸልምሽ ብላ በምልክት ስትጠይቃት፣ ናርዲት ግዛትም ወርቅም አልፈለገችም። «መርጎስ እስር ቤት አይግቡ፤ እርጋታ ቤት ይግቡ» አለች። ራሷ እጁን ይዛ አስገባችው፤ እሷ ትተኛበት የነበረውን ጥግ አሳየችው።

ከዚያ ከወንድሟ ጋር ቤት ገቡ። ጠባቸው እየጠበቃቸው ነበር። ሳብላን ሳይጠየቅ አንጓውን ዘረጋ። ናርዲት ቢላ አንሥታ ክሩን ቆረጠችው። እሱ አንገቱን ደፋ፤ እሷም እንባዋን አልደበቀችም።

«ሥሩን መተዌ የእኔ ጥፋት ነው» አለችው። «ደብቀህ ማጠጣትህ ያንተ ነው። ሁለተኛ በክሩ ብትዋሸኝ ወንድም የለኝም።»

ከዚያም ረጅም ቀይ ክር አወጣች። አንዱን ጫፍ በእሱ አንጓ፣ ሌላውን በራሷ አንጓ አሰረች። «አንዴ ከሳብከው አዎ ማለት ነው። ሁለቴ ከሳብከው አይደለም ማለት ነው።»

ሳብላን ተነሥቶ ሥሩን በአንድ ጽዋ፣ ውሃውን በሌላ ጽዋ አድርጎ ፊቷ አስቀመጠ። ናርዲት ራሷ ቀላቀለችው። ልትጠጣ ጽዋውን አፏ ላይ ስታደርስ ቆም አለች። በሩ ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ቆሞ ያያታል።

«ወንድም ጋሼ፣ በክሩ መልስልኝ። በሩ ላይ ሰው አለ?»

ሳብላን ወደ በሩ አየ፤ በደንብ አየ። ከዚያ ክሩን ሳበ። ደግሞ ሳበ።

ናርዲት ፊቷን ከበሩ መለሰችና ጽዋውን ጨለጠችው።